ኪሎ ሜትሩ በሃምሳ ሁለት ሰከንድ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለእህቴ ለሚጣ፤

እንደምን ከረምሽ? የአባባ ጉልበትስ እንዴት ሆነለት? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ? ብታምኚኝ ደስ ይለኛል። እንዳልደውል ደግሞ የቤቱ ስልክ ከአባባ ወንበር አጠገብ ነው፤ አንድ ቃል ላንቺ ስል ሁለት ለእሱ መናገር አለብኝ። "እህ፣ የካምቢዮ ሐኪሙ! ዛሬ ስንት በሽተኛ አስተኛህ?" ሲለኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ በወረቀት ይሻለኛል።

መንጃ ፈቃድ በማውጣትሽ እንኳን ደስ ያለሽ። ዕድሜ ልክሽን የስፌት መኪና ስትነጂ ኖረሽ አሁን ጎማ ያለው ያዝሽ። አባባ መኪናዋን ላንቺ መፍቀዱ ገርሞኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሸራ ለብሳ ስትቆም ማንም የሚነዳት አልመሰለኝም ነበር።

ማርሽ ሲቀይር ይንገጫገጫል ስላልሽው ካምቢዮ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይሄውልሽ። መለዋወጫ ሻጩ ዓይነቱ ሳይታወቅ አልሸጥልሽም ማለቱ ልክ ነው። ያ መኪና በሁለት ዓይነት አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው የወጣው፤ አንዱ ለቤት መኪናው፣ አንዱ ለዕቃ መጫኛው። ከውጭ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው፤ የሚለያዩት በውስጥ ጥርሳቸው ነው። ሬሾ የሚሉት፣ ሞተሩ ስንት ጊዜ ሲዞር ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ አንድ ጊዜ እንደሚዞር ነው። ሬሾውን ሳታውቂ የገዛሽው ዕቃ አይገጥምም። ቁጥሩ የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ የት ሄደ ላልሽኝ ግን እኔ ምን አውቃለሁ? ዝገት በልቶት ወድቆ ይሆናል።

እንዲህ አድርጊ። ካንዴላዎቹን ፍቺ። የኋላ ጎማዎቹን በክሪክ አንሺና አንዱ ላይ ምልክት አድርጊ። ማርሹን አንደኛ ላይ አስገብተሽ ሞተሩን ከፊት በቁልፍ እያዞርሽ፣ ጎማው አንድ ዙር እስኪሞላ ቁጠሪ። አልሆን ካለሽ አትድከሚ፤ ሙሉ ካምቢዮ ከዚህ ፈልጌ እልክልሻለሁ፤ የድሮው ወጥቶ ይጣል። ለሰፈር መካኒክ ግን ባታሳዪው ይሻላል፤ አውቶማቲክ ሲነኩ ያበላሻሉ።

አባባን ሰላም በይልኝ። ያንን የድሮ ነገር ደግሞ እንዳታነሺበት።

ወንድምሽ

ጥቅምት 20

ለወንድም ጋሼ፤

ሰላም ነህ? አባባ ደህና ነው። ጉልበቱ ጠዋት ጠዋት ይይዘዋል እንጂ ምላሱ እንደ ወትሮው ነው። ፖስታህን ሲያይ "ይሄ ልጅ ደብዳቤ የጀመረው ምን ሊደብቅ ነው?" ብሎ አሾፈ። እኔም አብሬው ስቄያለሁ።

እንዳዘዝከኝ አደረግሁ። በስፌት ጠመኔዬ ጎማው ላይ አሰመርሁና ሞተሩን በቁልፍ ማዞር ጀመርሁ። ሃያ ስል ጎማው ዝም። መቶ ስል ዝም። ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። በማግስቱ እንደገና ጀመርሁ፤ አንተ ያልከው ነውና ስህተቱ የኔ መስሎኝ።

አትቆጣኝ፣ ጋሽ ቀስ አዩኝ። ታስታውሳቸዋለህ፣ የታችኛው ጋራዥ ባለቤት፤ ሁሉን ነገር ረጋ ብለው ስለሚሠሩ ነው ሰፈሩ እንዲህ የሚላቸው። ደብዳቤህን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና እስኪያስላቸው ሳቁ። "አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ የእጅ ማርሽ ላለው ነው! አውቶማቲክ ውስጥ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ዘይት ነው። ሞተሩ ተነስቶ ካልፈጠነ ዘይቱ አይገፋም። በክንድሽ እስከ ዓመት ብታዞሪው ጎማው ንቅንቅ አይልልሽም" አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አደረጉና "ይህን የጻፈልሽ ሰው ወይ ካምቢዮ አያውቅም፣ ወይ እንድታውቂ አይፈልግም" አሉ። ተናደድኩባቸው። ወንድሜ እኮ በዚያ ትልቅ ጋራዥ የአውቶማቲክ ክፍል ኃላፊ ነው አልኳቸው። "እሱማ ነው የገረመኝ" ብለው ደብዳቤህን አጥፈው መለሱልኝ።

ከዚያ የሞተሩን ዙር የሚቆጥር መሣሪያቸውን አምጥተው ገጠሙልኝ። ሬሾው የሚወጣው ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረና መኪናዋ በትክክል በስንት እንደሄደች ሲታወቅ ነው አሉኝ። "ፍጥነቱንማ መርፌው ይነግረን የለ?" ብላቸው "አሮጌ መርፌ ሳልፈትን አላምንም" አሉ። የኪሎ ሜትር ምልክት ወዳለበት ወደ ውጭኛው መንገድ ወጣን። እኔ እነዳለሁ፣ እሳቸው ሰዓት ይይዛሉ።

በስልሳ የሚሄድ መኪና አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ደቂቃ ይጨርሳል፤ ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። መርፌው ስልሳ ላይ ድርቅ ብሎ እያየሁት ኪሎ ሜትሩን በሃምሳ ሁለት ሰከንድ ጨረስነው። ደገምነው፤ ሃምሳ ሁለት። ስንመለስ ሃምሳ አንድ። ጋሽ ቀስ ወረቀታቸው ላይ አባዙ አካፈሉና "ስልሳ ስትል ሰባ ነው የምትሄደው" አሉ።

ወንድም ጋሼ፣ መንገድ ዳር አቁሜ መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ጋሽ ቀስ ያመመኝ መስሏቸው ውኃ ሊገዙ ወረዱ። እኔ ያሰብኩት አባባን ነው። ሰፈሩ ሁሉ "አባባ ስልሳ" ይለው የነበረው ከስልሳ ስለማያልፍ አይደል? ስምንት የጎረቤት ልጆች ትምህርት ቤት እንዲያደርስ የታመነው በዚያ አይደል? ያቺ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መንገድ ስታቋርጥ ገጭቶ እግሯን የሰበራት ጊዜ ዳኛው ፊት "ስልሳ ነበርኩ፣ እሷ ናት ሳታይ የገባችው" አለ። እሷ "እየበረረ ነበር" አለች። ፖሊሱ የጎማውን ጭረት ለክቶ ሰባ አለ። አንተም ቆመህ መሰከርክ። መካኒክ ነህና ዳኛው የፍጥነት መለኪያው እንከን ነበረበት ወይ ብለው ጠየቁህ፤ "ምንም እንከን የለበትም" አልክ። ዳኛው ወደ አባባ ዞረው ምን እንዳሉ ረስተኸዋል? "መለኪያው ደህና ከሆነ፣ አባት፣ የዋሹት እርስዎ ነዎት" ነው ያሉት። ከዚያ ወዲያ ልጁን ለእሱ የሰጠ ወላጅ የለም። መንጃ ፈቃዱ የታገደው ለአንድ ዓመት ነበር፤ እሱ ግን ሄዶ አልተቀበለውም። እኔ ራሴ "ሰባ ነበር በልና ይቅለልህ" ብዬዋለሁ። እንዲህ ያልኩበት አፌ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሬሾው ወጣልን። የዕቃ መጫኛው ነው። ጋሽ ቀስ ከሥር ገብተው አዩ፤ ሰሌዳውን ዝገት አልበላውም፤ ሁለቱ ብሎኖች በቁልፍ የተፈቱ ናቸው። "ይሄ ካምቢዮ የዚህች መኪና አይደለም" አሉ። የፍጥነት መለኪያውን የምታዞረው ትንሿ የፕላስቲክ ጥርስ ከካምቢዮው ጋር አብራ የመጣች ናት፤ ለዕቃ መጫኛው ልክ የተሠራች። መርፌው የሚዋሸው በእሷ ነው።

ያን ጊዜ መኪናዋን ካንተ በቀር የሚነካት አልነበረም። ለአባባ እስካሁን አልነገርኩትም። የምታውቀው ነገር ካለ ንገረኝ፤ ከሌለም የለም በለኝ።

ሚጣ

ጥቅምት 30

ይድረስ ለእህቴ፤

ስለ መዳፍሽ ይቅርታ። ከዚህ ልጀምር፤ ይቅርታ ለመጠየቅ የሚቀለኝ እሱ ነው። ያ ዘዴ ለእጅ ማርሽ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሁለት ቀን ታግለሽ ተስፋ እንድትቆርጪ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። እኔ ለሠራተኞቼ የአውቶማቲክ ትምህርት ስጀምር የመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው ይህንኑ ነው፤ በእጅ አዙራችሁ አትቆጥሩትም እላቸዋለሁ። ለእህቴ ግን ጻፍኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አዎ፣ ካምቢዮውን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አባባ ታላቅ እህቱን ሊያስታምም አሥር ቀን የሄደ ጊዜ መኪናዋን ሳላስፈቅድ አወጣኋት። የጓደኛዬን ሠርግ ላጅብ። ዘይት ማነሷን አይቻለሁ፤ ስመለስ እጨምራለሁ አልኩ። ዳገት ላይ ሰባት ሰው ጭኜ ካምቢዮዋን አቃጠልኩት። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። አባባ ሊመለስ አራት ቀን ሲቀረው ከአሮጌ ብረት መጣያ አንድ መንታዋን አገኘሁና ገጠምኩ። ቁጥሩ ከመኪናዋ ደብተር ጋር ስለማይገጥም ሰሌዳውን ፈታሁት።

ትንሿን ጥርስ ግን አላሰብኳትም። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ምኑን አውቄው። ፍርድ ቤት ቆሜ ስመሰክርም መለኪያው ደህና መስሎኝ ነው። ኋላ እዚህ መጥቼ ሥራውን በደንብ ስማር ነው የገባኝ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ነገሩ አልፎ ነበር። ይህን እመኚኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ለአባባ አትንገሪው። ትክክለኛውን ካምቢዮ ከነጥርሱ አግኝቻለሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የዕቃ መኪና ያመጣልሻል። ጋሽ ቀስ ይግጠሙት፤ መርፌውም እውነቱን ይናገር፤ አንቺም ነድተሽ ሥራሽን ሥሪ። አባባ አሁን ቢያውቀው ምን ይጠቅመዋል? ደሙ ከፍ ይልበታል እንጂ። እሱ ረስቶታል። ሰውም ረስቶታል።

ወንድምሽ

ኅዳር 12

ለሚጣ፤

አዎ። ከአደጋው በፊት አውቅ ነበር።

ደብዳቤሽ ሰላምታ አልነበረውም፤ አንዲት ጥያቄ ብቻ። ፖስታውን ጋራዥ ውስጥ ነው የከፈትኩት። ሠራተኞቹ ፊቴን አይተው ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ወንበር አመጡልኝ። አራት ቀን ሙሉ ሌላ መልስ ስፈልግ ቆየሁ፤ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ባለፈው የጻፍኩልሽ ግማሹ እውነት ነው፤ "አላወቅኩም" ያልኩት ግን ውሸት ነው።

አባባ በተመለሰ በመጀመሪያው እሑድ ይዞኝ ወጣ። መርፌው ስልሳ ላይ ነው፤ ምሰሶዎቹ ግን በመስኮት ቶሎ ቶሎ ያልፋሉ። እናንተ በሰዓት እንዳደረጋችሁት እኔም ከኪሎ ሜትር ምልክት እስከ ምልክት በሆዴ ቆጠርኩ። ሃምሳ ሁለት። ወዲያው ገባኝ። ትክክለኛዋ ጥርስ በተቃጠለው ካምቢዮ ላይ እንዳለች ጓሮ ተደብቃ ተቀምጣለች፤ አንዷን ነቅሎ ሌላዋን መትከል የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። ግን "ከመኪናዋ ሥር ምን ትሠራለህ?" ቢለኝ ምን እላለሁ? ነገ አልኩ። እስከ አደጋው ድረስ አርባ ቀን ነገ አልኩ። አባባ ልጆቹን ጭኖ ሲወጣ በየጠዋቱ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም። ያንን ሳስብ አሁንም ፊቴን የማሳርፍበት አጣለሁ።

ፍርድ ቤት ደግሞ ዳኛው የጠሩኝ በራሳቸው አልነበረም። አባባ ነው "ልጄ መካኒክ ነው፣ እሱን ጠይቁት" ያለው። አምኖኝ። ስነሳ ዞሮ አየኝ፤ ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ "መለኪያው እንከን አለበት" ብል "ከመቼ ጀምሮ? ማን ነካው?" እንደሚመጣ አውቃለሁ። አፌን ሞልቼ "ምንም እንከን የለበትም" አልኩ። እሱ ፈገግታውን ወዲያው አላጠፋውም። የተናገርኩት የጠቀመው መስሎት ነበር። ከዳኛው ቃል በኋላ ነው ቀስ እያለ የጠፋው። ሁለት ወር ሳይሞላ እዚህ ሥራ አገኘሁ ብዬ የወጣሁት ለዚህ ነው። ሰው ሁሉ ለእንጀራ ሄደ አለ፤ እኔ ግን ያንን ፊት ሸሽቼ ነው።

"ረስቶታል" ላልኩት ይቅር በዪኝ። ያቺን ሴት መንገድ ላይ ሲያይ አሁንም ተሻግሮ በሌላው ጥግ እንደሚሄድ፣ "እግሯን ሰብሬያለሁ፣ ለሱ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ውሸቷን ግን አልምራትም" እንደሚል አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።

ለእሱ የጻፍኩትን በዚሁ ፖስታ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ዓይኑ ስለደከመ አንቺ አንብቢለት። ፊት ለፊት ልነግረው አልቻልኩም፤ ይህም አንድ ሌላ ውርደት ነው። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል። ቢያንስ ውሸታም እንዳልነበረ ያውቃል። ዓይኑ ያየው ስልሳ ነው፤ የተናገረውም ስልሳ ነው። ሸክሙ ይቀልለታል።

ወንድምሽ

ኅዳር 22

ለወንድሜ፤

ጤና ይስጥልኝ። ካምቢዮው ደርሷል፤ ጋሽ ቀስ ገና አልገጠሙትም።

ደብዳቤህን ሐሙስ ከሰዓት አነበብኩለት። በሩን ዘግቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ቅርብ አስቀመጥኩ፤ አንተ እንደፈራኸው እኔም ፈርቼ ነበር። ሠርጉን፣ አርባውን ቀን፣ ሁሉንም በተራ አነበብኩለት። የፍርድ ቤቱ ጋ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት፤ እሱ ነው "ቀጥዪ" ያለኝ። ስጨርስ "እስቲ ፍጥነቷ ያለበትን ቦታ ድገሚልኝ" አለኝ። ደገምኩለት።

"ሰባ?"

"ሰባ፣ አባባ። መርፌው ግን ስልሳ ነበር የሚልህ። አልዋሸህም። ይኸው ልጅህ በእጁ ጽፎታል።"

አንተ እንዳልከው ይቀለዋል ብዬ ፊቱን ጠበቅኩ። ፊቱ ግን ጭራሽ ጠቆረ። "እንግዲያው ሴትዮዋ እውነቷን ነበር" አለ።

እኛ ይህን አላሰብነውም፤ አንተም እኔም። አሥራ አንድ ዓመት ስለ አባባ ቃል ብቻ ነው ያሰብነው። እሱ ግን ኮቱን አምጪልኝ አለኝ። ነገ ጠዋት ይሻላል፣ ጉልበትህ አለ፣ ብርዱ አለ፣ ብዬ ለመንኩት። "አሥራ አንድ ዓመት ውሸታም ስላት ጉልበቴ አልከለከለኝም" አለኝና ጫማውን ራሱ አሰረ። በመኪናዋ ልውሰድህ ብለው እንቢ አለ። በእግር ሄድን፤ ሦስት ቦታ አረፈ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካሉት ቤቶች በአንዱ ነው የምትኖረው። ራሷ ናት የከፈተችው፤ በትሯን ይዛ። ስታየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። አባባ ባርኔጣውን አውልቆ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመ።

"ያን ቀን ሰባ ነበርኩ" አላት። "እየበረረ ነበር ያሉት እውነት ነው። እርስዎን ውሸታም እያልኩ በየሰዉ ፊት ስምዎን ሳጠፋ ኖሬያለሁ። እግርዎንም የሰበርኩት እኔ፣ ጥፋቱንም የጫንኩብዎ እኔ። ይህን ልነግርዎ ነው የመጣሁ።"

ሴትዮዋ ደጃፉ ላይ ማልቀስ ጀመረች። ባሏ ሳይቀር "አንቺም እኮ ሳታዪ ገብተሽ ይሆናል፣ ሽማግሌው ያን ያህል የሚምሉት በከንቱ አይደለም" ይላት ነበር አለች። እያደር ራሷም ማመን ጀምራ ነበር። መንገድ በተሻገረች ቁጥር ጥፋቱ የኔ ነው እያለች ነው የምትሻገረው። ወንድሜ፣ ይህን ስትናገር የት ልግባ፤ እኔም እኮ ከችሎት ስንወጣ በክፉ ዓይን አይቻታለሁ።

"አሁን እንዴት አወቁ?" ብላ ጠየቀችው።

"መኪናው የኔ ነው፤ ተፈትኖ ታወቀ" አላት። ስላንተ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወንበር አምጥታ ግቡ አለችን፤ ጥቂት ተቀመጥን።

ስንመለስ አላስቻለኝም። "አባባ፣ ለምን ስሙን አልጠራህም? ከዚህ በኋላም ልትሸፍንለት ነው?" አልኩት። ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበና "እኔ የኔን ተናገርሁ። የሱን እኔ ምን ቤት ነኝ? እሱ አፍ የለውም እንዴ?" አለኝ።

ቤት ከገባን በኋላ ስላንተ አልተናገረም። ደብዳቤህን ግን አልቀደደውም። አጣጥፎ መነጽሩ ማስቀመጫ ውስጥ ከቶታል። ይህን ልንገርህ አልንገርህ ሁለት ቀን አስቤያለሁ።

እህትህ

ኅዳር 28

ለሚጣ፤

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ራሴ ብዙ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ። ከእንግዲህ ስለ እፍረቴ የምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ የምሸሽበት መንገድ መሆኑ ገብቶኛል።

ዛሬ ለአለቃዬ ነገርኩት። ፈቃድ ለምን እንደፈለግሁ ሲጠይቀኝ የታመመ ሰው አለብኝ ልል አፌ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ እንደ ልማዴ። ከዚያ ሠራተኞቹ ባሉበት እንዳለ ተናገርኩት፤ ካምቢዮውን፣ ጥርሷን፣ ምስክርነቱን። አንዱ ሠራተኛ ቁልፉን አስቀምጦ ወጣ። "አባቴ ሹፌር ነበር" ብሎኝ ያውቃል አንድ ጊዜ።

ማክሰኞ እነሳለሁ፤ ረቡዕ ከሰዓት እደርሳለሁ። መናኸሪያ እንዳትመጪ፤ ዕቃም የለኝም። ቀጥታ ወደ ቤት አልመጣም። መጀመሪያ የምሄደው ወደ ሴትዮዋ ነው፤ ከዚያ በማግስቱ ወደ ፍርድ ቤቱ። በሐሰት የመሰከረ ሰው ቃሉን የሚያርምበት ክፍል የትኛው እንደሆነ እዚያው እጠይቃለሁ፤ የሚሉኝን ይበሉኝ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካሉት ቤቶች የትኛው እንደሆነ፣ የበሩን ቁጥር ከመነሳቴ በፊት ጻፊልኝ። በደብዳቤ የማይደርስ ከሆነ ደውዪልኝ፤ አባባ አጠገብ ቢሆንም ደውዪ።

አባባ ልየው ካለ ከዚያ በኋላ እመጣለሁ። አላየውም ካለም ደጁ ላይ ቆሜ የጻፍኩትን በአፌ እነግረዋለሁና፣ በሩን ባይከፍትም መስኮቱን እንዳትዘጊው።

ወንድምሽ